ከጋሎኑ ሥር ሁለት ነጥብ

ሰኞ፣ ጥር 17

ክንፍ ያላት መኪና ጓሯችን ውስጥ አራት ድንጋይ ላይ ተሰቅላለች። ሆዷ ተከፍቷል። ወንድሜ ሰይድ ከሥሯ ገብቶ እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። ዶሮዎቼ የጫማውን ማሰሪያ ይጎትታሉ፣ እሱ አይሰማውም።

ሠርጉ ግን አልሐምዱሊላህ! ይህን አስቀድሜ ልጻፍ፣ ኋላ በጭንቀቴ እንዳልረሳው። ትናንት ልጄን ሐዋን ዳርኳት። ምግቡ በቃ፣ ተረፈም። ዝናብ አልመጣም። የተጣላ የለም። አባቷ ይመር ሁለቴ አለቀሰ፣ ሁለቴም «ጭሱ ነው» አለ፤ ጭስ የሚባል ግን በአጠገቡ አልነበረም። ይህን ደብተር የገዛሁት የተጠሪ ስም ልመዘግብበት ነበር። ግማሹ ባዶ ስለቀረ ጭንቀቴን ልጻፍበት።

መኪናዋ የሰይድ አይደለችም። እሱ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፣ መኪናዋ የደንበኛው ናት። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ከኋላዋ ክንፍ የመሰለ ነገር የተገጠመላት፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች። «ለልጄ ሠርግ ጥሩ መኪና ካላመጣህ ወንድሜ አይደለህም» እያልኩ ስጨቀጭቀው ከረምኩ። እሱም ባለቤቱን ለመነልኝ። ሰውዬው ለሥራ ወደ ውጭ ሲሄድ «ውሰዳት፤ እሑድ ስመለስ ግን በሬ ላይ ልያት። ሌላውን ላንተ ትቼዋለሁ፣ ዘይቷን ግን አደራ» ብሎት ሄደ።

አደራውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ ግን ልጻፈው።

ሙሽሪትን ከወንዙ ማዶ ባሏ ቤት አድርሰን ስንመለስ ከፊት የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ይመር ከኋላ እንቅልፍ ወስዶታል። መንገዱ ትንሽ ደልደል ሲል ጊዜ «እስቲ ረገጥ አድርጋት፣ ድምጿን ልስማ» አልኩት ሰይድን። ልጅ የዳርኩ ሴት! ረገጣት። እንዴት ብዬ ልጻፈው፣ ደረቴ ውስጥ ነው ያጓራችው። ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ከሥራችን ጓ! አለ። ድንጋይ። ሰይድ ቀይ መብራት ሲበራ አይቶ ሞተሩን እዚያው አጠፋው። ወርደን ስናይ ዘይቷ አቧራው ላይ ይፈሳል።

ከኋላችን ይመጡ የነበሩት ሚዜዎች ከነከረባታቸው እየገፉ ቤት አደረሷት። እየገፉም ያሾፋሉ፦ «አንዷን ሙሽራ ሸኝተን ሌላዋን አመጣን!»

ይመር ነቅቶ «ምን ነካት?» ሲል ሰይድ «እኔ ነኝ ያበዛሁት» አለው። የኔን ነገር አላነሳም። እኔም ዝም አልኩ። አላህ ይማረኝ።

የተቀደደው ከሥር ያለው የዘይት መያዣ ነው፣ ሰይድ ኮፓ ይለዋል። ዛሬ ፈትቶ ብየዳ ቤት ወሰደው። አሳምረው በየዱለት።

«አሁን የቀረው ዘይት ነው» አለኝ። «ኦርጅናል ሲንቴቲክ።»

«ኦርጅናል ነው ወይስ ሲንቴቲክ?»

«ኦርጅናል ሲንቴቲክ፣ እታለም።»

«አንዱን ምረጥ እንጂ!»

ምን ላድርግ፣ ገበያ ላይ ባዶ ጀሪካንና ጋሎን ስሸጥ ስንት ዓመቴ፣ ቦታዬ ከጫማ ሻጮች አጠገብ ነው። እዚያ ኦርጅናል ማለት ቆዳ ነው። ሲንቴቲክ ማለት ደግሞ ቆዳ መስሎ ፀሐይ ሲመታው የሚሰነጠቀው ነው። ለሰው አደራ እንዴት ሲንቴቲክ ይገዛል? ሰይድ ከመኪናዋ ሥር እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አስረዳኝ። ተራው ዘይት ከመሬት ወጥቶ የተጣራ ነው። ሲንቴቲኩ ግን ፋብሪካ ውስጥ እንደገና የተሠራ ስለሆነ ሲበርድ አይረጋም፣ ሲግል አይቃጠልም። ይቺ መኪና ደግሞ ቀንድ አውጣ የምትመስል ቱርቦ የምትባል ነገር አላት። በደቂቃ ስንት ሺህ ጊዜ ትዞራለች፣ ፍም ትሆናለች፤ የሚያቀዘቅዛት ያ ዘይት ብቻ ነው።

«ጋሎኑ ላይ አምስት እና አርባ የሚል ቁጥር መኖር አለበት» አለ። «አምስቱ ለብርድ ነው፣ አርባው ለሙቀት።»

«በለኛ! አምስቱ የአቀስታ ጠዋት፣ አርባው የዓባይ በረሃ ቀትር።»

«ወላሂ እንዳንቺ ያስረዳኝ አስተማሪ የለም» አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ላቋረጠች ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደስ አለኝ፣ ጥፋቴንም ለትንሽ ረሳሁት።

ማክሰኞ፣ ጥር 18

ከተማውን አዳረስን። መለዋወጫ ቤት፣ ነዳጅ ማደያው፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ቆርቆሮ ሱቅ። የተገኘው ሁሉ የጭነት መኪና ዘይት ነው። ሰይድ እያንዳንዱን ያነሳል፣ ጀርባውን ያነባል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

አንዱ ባለሱቅ ተሰላችቶ «ዘይት ዘይት ነው! ከፈለጋችሁ የኑግም አለኝ» አለን።

«የኑጉን ለኔ አስቀምጥልኝ፣ መኪናዋ ጾም ላይ አይደለችም» አልኩት። ሳቀና ወንበር ሰጠኝ።

ምክር የሰጠን ሰው ብዛቱ! አንዱ የአይሱዙውን ቀጠን አድርጋችሁ ጨምሩ ይላል። አንዱ ደግሞ በጭነት መኪና ጭናችሁ ውሰዷት ይላል፤ በዚህ መንገድ ክንፏ ብቻ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው። አንዲት ሴትዮ ቅቤ አለች፣ እሷስ ለፍቅሯ ነው። የኔው ይመር ራሱ «እስከ ደሴ በአይሱዙው ዘይት ትሂድ፣ እዚያ ይቀይራል» አለ።

ሰይድ አልተቆጣም። «ይመር ወንድሜ፣ እስከ ደሴ ትሄድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ቱርቦዋ የምትሰጠኝን መልስ ለባለቤቷ ምን ብዬ ልናገር? ሰውዬው አንድ ነገር ብቻ ነው አደራ ያለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሐዋ ደወለች። ባሏ ቤት ደህና ናት፣ አማቷ እንቁላል ጠብሰው በእጃቸው አጎረሷት። «መኪናዋ ሄደች እንዴ?» አለችኝ። «ሰይድ ጥቂት ቀን ይረፍ ብዬ ነው» አልኳት። ሠርጓን እንደ በረከት ታስታውሰው እንጂ እንደ ኪሳራ አታስታውሰው።

ስጨነቅ ዕቃ አጥባለሁ። ለሚቀጥለው ገበያ ያሉኝን ጋሎኖች በሙሉ አወጣሁ። ሥራዬ ቀላል ይመስላል፣ ግን ወግ አለው። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በአመድ ማጠብ። ቀጥሎ ውሃ ሞልቶ መዘቅዘቅ፣ ያንጠባጥብ እንደሆነ ማየት። ከዚያ ምስማር በእሳት አግሎ ከሥሩ ነጥብ ማድረግ። አንድ ነጥብ ለውሃ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ነጥብ የሞተር ዘይት ነበረበት፣ የሚጠጣ ነገር እንዳይገባበት ማለት ነው። ይህን የጀመርኩት ከኔ በገዛችው ጋሎን ውሃ ቀድታ ልጆቿን ሆዳቸውን ያመማቸው ሴት መጥታ ፊቴ ካለቀሰች ወዲህ ነው። አላህ አተረፋቸው፣ እኔ ግን ያን ቀን ለራሴ ማልኩ። ደንበኞቼ ሁሉ ገልብጠው ነው የሚያዩት።

ከታጠቡት መካከል ወርቃማ ቀለም ያላቸው ሦስት ነበሩ። እነሱን የሚወስደው ከደሴ በወር አንዴ የሚመጣ ባለ ጥቁር ጃኬት ሰው ነው። ጥሩ ደንበኛዬ ነው። «እናት፣ ክዳኑ አይጥፋ፣ ወረቀቱም እንዳይላጥ» ስለሚለኝ ወረቀቱን ሳላረጥብ ነው የማጥበው። በዚህ ሙያዬ እኮራለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 19

ተገኘ! ተገኘ! ተገኘ!

የሚኒባስ ሹፌሩ እንድሪስ ትናንት ደሴ ነበር። ሰይድ ደውሎ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ሁሉንም አስጻፈው። ዛሬ በቀትር ገባ፤ ጋሎኑን በጋቢው ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎት ነው የወረደው።

«ባለሱቁ የመጨረሻው ነው ብሎኛል። ኦርጅናል ለመሆኑ በልጁ ማለልኝ» አለ እንድሪስ።

ወርቃማ ጋሎን ነው፣ ወረቀቱ ያብረቀርቃል፣ ክዳኑ ታሽጓል። አምስት፣ አርባ። ሰይድ ሳመው። እኔ ደግሞ እንድሪስን ከሠርጉ የተረፈ ሥጋ አብልቼ መረቅኩት፦ ጎማህ አይፈንዳ፣ መንገድህ ይቅና፣ ጥሩ ሚስት ይስጥህ። «ሚስትስ አለችኝ» ሲለኝ «እንግዲያው እሷን ያቆይልህ» አልኩት።

ዘይቱ ዛሬውኑ አይገባም። ሰይድ የተበየደውን ኮፓ ሲገጥም ዙሪያውን ሲሊኮን የሚባል ማጣበቂያ ቀብቶታል፤ እስከ ነገ ይድረቅ ይላል። ይድረቅ። አሁን ምን ቸኮልን?

ከሁለት ቀን በኋላ ዛሬ ምሳዬን በላሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 20



ጠዋት ሰይድ መኪናዋን ከድንጋዩ ሊያወርድ ሲዘጋጅ «እታለም፣ ዘይቱን አቀብይኝ» አለኝ። ከመደርደሪያው አነሳሁት። ባዶም ይሁን ሙሉ፣ ጋሎን ሳነሳ ሥሩን በመዳፌ መዳሰስ ልማዴ ነው። መዳፌ የሆነ ነገር አገኘ። አዲስ ዕቃ ላይ ይህ ምንድን ነው አልኩ። ገለበጥኩት።

ሁለት ነጥብ።

የኔ ነው። የገዛ እጄን አላጣውም። ሁለተኛዋ ነጥብ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብልብኛለች፣ ምስማሩ በመጠኑ የተጣመመ ስለሆነ። ይቺን ጋሎን እኔ አጥቤያታለሁ፣ እኔ ገልብጫታለሁ፣ እኔ በእሳት ነክቻታለሁ። አሁን ታሽጋ፣ ሞልታ፣ በልጅ ተምሎባት ተመለሰች።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሰይድ ያመመኝ መስሎት ሮጠ። «አትክፈተው» አልኩት። «ምን?» «አትክፈተው፣ የኔ ነው!» ምንም አልገባውም። ጋሎኑን ገልብጬ ሰጠሁት። ከዚያ እጁን ይዤ ጓዳ የደረደርኳቸውን ሦስት ወርቃማ ጋሎኖች አንድ በአንድ ገልብጬ አሳየሁት። ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ። ሁሉም ወደ ግራ።

ሰይድ ጋሎኑን ወደ ብርሃን አወጣው። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጠበ። መሃሉ ጠቆረ፣ ዙሪያው እንደ ውሃ ተስፋፋ። አሸተተው፣ እኔንም አሸተተኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። «ከሌላ መኪና የወጣ አሮጌ ዘይት ነው። አጣርተው፣ በናፍጣ አቅጥነው፣ ቀለም ጨምረውበት ነው የሞሉት» አለ። «ይሄ ቢገባባት ኖሮ ቱርቦዋ አቀስታም አትደርስም ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ስለ መኪናዋ ብቻ አይደለም። ባለ ጥቁር ጃኬቱ ምን ያህል ጊዜ ወስዶልኛል? «ማር ነጋዴ ይሆናል» እያልኩ ራሴን አስተኝቼዋለሁ። ማር ለሚሞላ ሰው የሞተር ዘይት ወረቀት ምን ያደርግለታል? አንድ ቀንም አልጠየቅኩትም፤ ስለሚያሞግሰኝ። ወረቀቱን ሳላረጥብ እያጠብኩ ስንቱን ሹፌር መንገድ ላይ አስቀርቼ ይሆን?

ሰይድ ግንባሬን ሳመኝ። «አብሽሪ እታለም። ያንቺ ጋሎን ባትሆን ኖሮ ዛሬ ሞተሯ ሬሳ ነበር። ለሰው ልጆች ብለሽ ያደረግሽው ነጥብ ነው ውለታሽን የመለሰልሽ።»

«‘ረገጥ አድርጋት’ ያልኩህም እኔ ነኝ» አልኩት እያለቀስኩ።

«እሱንማ አጠገብሽ ነበርኩ!» ብሎ ሳቀ። ይመር ከበር ላይ ሆኖ «ምን ረገጥ?» አለ። ስለዚህ አሁን እሱም ያውቃል። ቀኑን ሙሉ ባለፍኩ ቁጥር በአፉ እንደ መኪና እያጓራ ያሾፍብኛል።

ፊቴን ታጥቤ ስቀመጥ ነው አንድ ነገር የመጣልኝ። እነዚህን ወርቃማ ጋሎኖች ባዶ ሆነው የማገኘው ከየት ነው? ከመንገድ ሥራው ካምፕ። የአለቃቸው ፒካፕ ዘይት ሲቀየርላት መጋዘን ጠባቂው ጋሽ ተፈራ ባዶውን ያስቀምጡልኛል። ሙሉውን ጋሎን ፈልገን ደሴ ድረስ ላክን፤ ባዶው ከሚወጣበት ቤት ሙሉውም እንደሚኖር አላሰብኩም!

ከሰዓት በኋላ ሰይድን አስከትዬ በእግሬ ሄድኩ። ጋሽ ተፈራ ጺማቸው የሸበተ፣ አንድ ቡሎን እንኳ ያለ ፊርማ የማያወጡ ሰው ናቸው።

«ወይዘሮ ዘሐራ፣ ምነው? ዛሬ እኮ ባዶ የለኝም።»

«ጋሽ ተፈራ፣ ዛሬስ የመጣሁት ሙሉውን ፍለጋ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ነጥቡንም፣ ባለ ጃኬቱንም። እሳቸውም ራሳቸውን ይዘው «እኔስ? ባዶውን ያቀበልኩሽ እኔ አይደለሁም?» አሉ። ሁለታችንም ተያይተን አፈርን። ግን ሊሰጡኝ አልቻሉም። «የድርጅት ንብረት ነው እህቴ፤ ወርቅ ብትሰጪኝ አልሸጥልሽም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ልመለስ ስል ግን «ወንድምሽ መካኒክ ነው አልሽኝ?» ብለው ጠሩኝ። የካምፑ መካኒክ ለጥምቀት አገሩ እንደሄደ አልተመለሰም። የአለቃው ፒካፕ ደግሞ ፍሬን አልይዝ ብላ ቆማለች።

ወደ አለቃው ቢሮ ገቡ። ሲወጡ ወረቀት ይዘዋል፦ ፒካፗ ከተጠገነች ለሥራው ዋጋ አንድ ጋሎን ዘይት ወጪ ይሁን። ማኅተም አለው። የሰይድ ፊት በራ።

ዓርብ፣ ጥር 21

ሰይድ ከፀሐይ ጋር ካምፕ ገባ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ፒካፗ ፍሬን ያዘች። አለቃው ራሱ ነድቶ ሞከራት፣ ሲመለስ በጣቱ አሪፍ አለው።

ጋሽ ተፈራ ጋሎኑን ከመጋዘን ከነካርቶኑ አወጡ። አሁን ግን ማን ያምናል! ሦስታችንም ከበብነው። ሰይድ ጀርባውን አነበበ፤ ቁጥሩ አምስት እና አርባ፣ ኤስ የሚለው ፊደል ለቤንዚን፣ ሲ የሚለው ለናፍጣ፣ ሁለቱም አለው። «የናፍጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለኛ አይሆንም ነበር» አለ። በኋላ ለኔ ሰጠኝ። «በይ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው።»

ወላሂ እንደ ዳኛ ነው የሆንኩት። ክዳኑን ዳሰስኩ፦ የክዳኑና የቀለበቱ ቀለም አንድ ነው፣ ቀለበቱ ሙጫ አልነካውም። የደሴው ግን አሁን ሳስበው ቀለበቱ ትንሽ ገርጥቶ ነበር፣ በደስታ ብዛት አላየሁትም። እጀታው ውስጥ ጭረት የለም። አንድ ጊዜ እንኳ የተንጠለጠለ ጋሎን እጀታው ውስጥ ጭረት አያጣም። ወረቀቱ ጫፉ አልተነሳም። ከሥሩ ገለበጥኩት። ፋብሪካው ያተመው ቁጥር አለ፣ የኔ ነጥብ የለም። አሸተትኩት፣ አመድ አይልም። እኔ ያጠብኩት ዕቃ ሁሉ ጥቂት አመድ አመድ ይላል።

«ኦርጅናል ሲንቴቲክ ነው» አልኩ።

«አንዱን ምረጪ እንጂ!» አለ ሰይድ። ጋሽ ተፈራ ምን እንዳሳቀን አልገባቸውም።

ከጁምዓ በኋላ ጓሯችን ሰው ሞላ። ፊልትሮ የሚሉትን አዲሱን የዘይት ማጣሪያ ሰይድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለመጠባበቂያ ይዞት ነበር፣ ገጠመው። ዘይቱን ቀስ አድርጎ አፈሰሰ፤ እንደ ማር ወርቃማ፣ ግን እንደ ውሃ ቀልጣፋ። መለኪያዋን ዘንግ አውጥቶ አየ፣ ጠረገ፣ ደግሞ አየ። ሞተሩን መጀመሪያ ሳያስነሳ ጥቂት ጊዜ አዞረው፣ ዘይቱ እስከ ቱርቦዋ እንዲደርስ ነው አለኝ። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ አስነሳት።

ቀዩ መብራት በራ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ። ጠፋ!

ድምጿ ያው ድምጿ ነው። ዶሮዎቼ አጥር ዘለሉ። ይመር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ፣ ዓይኑ ውስጥ ውሃ አለ። «ጭሱ ነው» አለኝ። ዛሬስ እውነቱን ነው፣ ከጭስ ማውጫዋ ኋላ ነበር የቆመው።

ሰይድ ግማሽ ሰዓት ያህል አስነስቷት ከሥሯ ተኝቶ ጠበቀ። አንዲት ጠብታ የለም። ብየዳ ቤቶቹንም መረቅኳቸው።

ቅዳሜ፣ ጥር 22

ሰይድ በማለዳ ተነሳ። መንገድ ጠርገው የሸኙት እነዚያው ሚዜዎች ናቸው፤ ከከተማው እስኪወጣ ድንጋይ እየለቀሙ ፊት ፊቱን ሄዱ። «ቀስ በል» አልኩት። «አንቺ ከጎኔ ከሌለሽ ቀስ እላለሁ» አለኝ። ባዶውን ወርቃማ ጋሎን ትቶልኝ ሄደ።

እኔ ገበያ ወጣሁ። ገና ዕቃዬን ሳልደረድር ባለ ጥቁር ጃኬቱ መጣ። ቀኑ ሳይደርስ መምጣቱ ነው፤ ወይ በሠርግ ወራት መኪና ስለሚበዛ ዘይት ተፈልጓል፣ ወይ አላህ ልኮልኛል።

«እናት፣ እንደምን ሰንብተሻል? ወርቃማው አለ?»

«አለ፣ ልጄ። አራት አለኝ።»

ደስ አለው። ከጆንያው አወጣሁለት። አራቱንም፣ ሦስቱን የጓዳዬንና ከደሴ የተመለሰውን፣ ትናንት በቢላ መሃል ለመሃል ቆርጫቸዋለሁ። ሥራቸውን ብቻ ነው ያመጣሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለችግኝ ነው። አፈር ትሞላበታለህ። ለዶሮ ውሃም ይሆናል።»

«ያበድሽ ሴት! ክዳኑስ? ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱን አቃጠልኩት። ምነው፣ ማሩን ያለ ወረቀት አታውቀውም እንዴ?»

ፊቱ ተለዋወጠ። የደሴውን አንስቼ ገለበጥኩለት። «ይህቺን ነጥብ አየሃት? ከደሴ ተመልሳ ቤቴ መጥታለች። የገዛ ወንድሜን ልትገድልብኝ።» ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፣ ጫማ ሻጮቹ ሁሉ ዞሩ። «አጥቤ የሸጥኩልህ እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን ለወንድሜም፣ ባዶውን ለሚሰጠኝ ሰውም ተናግሬያለሁ» አልኩት። «አንተስ ለማን ነግረሃል?»

«እኔ የምገዛው ለሰው ነው፣ እኔ አልሞላም» አለ፣ ዓይኑ መሬት ላይ።

«እኔም እንዲሁ ነበር የምለው» አልኩት።

ሄደ። አጠገቤ ያለው ጫማ ሻጭ ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ ውሃም አመጣልኝ። ለሌሎቹ ዕቃ ሻጭ ሴቶች ሁሉ ነገርኳቸው፦ የዘይት ጋሎን ከነክዳኑ እንዳትሸጡ፣ ክዳኑን ብሱት፣ ወረቀቱን ላጡት። ሁለቱ እሺ አሉኝ። አንዷ «እንግዲህ ማን ይገዛናል?» አለች። እሷንም አልፈርድባትም። ሰኞ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ እናገራለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቁት እኔን ይሆናል፣ ይጠይቁኝ።

ገዢዬ ሄደ፣ ልቤ ግን ቀለለኝ። ሰይድ ከአቀስታ ደወለ፦ ብርድ ነው፣ አምስቱ እየሠራ ነው። ከዚያ በኋላ እኛ ዘንድ ኔትወርክ ጠፋ።

እሑድ፣ ጥር 23

ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን መቀነቴ ውስጥ አስሬ ዋልኩ። ሐዋ ከባሏ ጋር መጣች፣ እንደ ወጉ የመጀመሪያ ጉብኝቷ ነው። ፊቷ ሞልቷል። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፣ ድምጿን ልስማ ያልኩትን ሳይቀር። «እማዬ!» ብላ አፏን ያዘች፣ ከዚያ ባሏ ትከሻ ላይ ወድቃ ሳቀች። በረከቱ አልተነካም። ለካ እኔ ነኝ ልጄን ያላወቅኳት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ደርሻለሁ። ማታውኑ ገብቼ አጥቤያት በሩ ላይ አቆምኳት። ሰውዬው አሁን መጣ።»

«እና? ነገርከው?»

«ኮፓው እንደተበየደም፣ ዘይቱ ከየት እንደመጣም፣ ሁሉንም ነገርኩት። እኔ ነኝ ያበዛሁት አልኩት።»

«ለምን ትዋሻለህ! እህቴ ናት ድምጿን ልስማ ያለችኝ በለው!»

«እሱንም አወጣብኝ እኮ፣ ‘አንተ በባዶ መንገድ የምትረግጥ ሰው አይደለህም’ ብሎ። ስለዚህ ነገርኩት።»

ስልኩን ከጆሮዬ ጋር አጣበቅሁት። «ምን አለ?»

«መለኪያዋን አውጥቶ አየ፣ አሸተተ። ከዚያ ‘ድምጿን ወደደችው?’ አለኝ።»

«በጣም ወደደችው በለው» አልኩ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማኝ። ይመር ከጓዳ አጓራ።

«ቁልፉን አልነጠቀኝም እታለም። ከእንግዲህም ዘይቷን አንተ ነህ የምትገዛው አለኝ። አሁን ምን እያደረገ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጋራዡ ውስጥ ለመጠባበቂያ ያስቀመጠውን ጋሎን አውጥቶ እየገለበጠ ነው። ቆይ… ነጥብ የለውም ይላል! ደስ ብሎታል፣ ኦርጅናል ነው ይላል።»

አልሐምዱሊላህ ልል ነበር። አፌ ግን ሌላ ነገር አወጣ።

«የኔ አይደለም ማለት ብቻ ነው በለው። የክዳኑን ቀለበትም ይይ።»